የቲማቲሜ ፍሬ ቂጡ እየጠቆረ ነው፤ ምን ላድርግ?

የጀሞ በረንዳ (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሰኔ መጨረሻ ላይ በረንዳዬ ላይ ስድስት የቲማቲም ችግኝ ተከልኩ። የተከልኩት ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው፣ 10 ሊትር የሚይዘው። ክረምቱን ሙሉ አማረልኝ። አበባ አወጣ፣ ፍሬም ያዘ።

መስከረም ገብቶ ፀሐዩ ሲጠና ግን ነገሩ ተበላሸ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ከታች በኩል ውሃ የጠጣ የሚመስል ነጥብ ይወጣበታል። ነጥቡ ይሰፋል፣ ይጠቁራል፣ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስነካው እንደ ቆዳ ደርቋል። እስካሁን 14 ፍሬ ቆርጬ ጣልኩ።

ጎረቤቴ «በሽታ ነው» አለችኝ። አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሄጄ ፎቶ አሳየሁ። ሻጩ ምንም ሳይጠይቀኝ መድኃኒት ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ረጨሁት፣ ለውጥ የለም። ትንሿ ልጄ በየጠዋቱ በረንዳ ትወጣና «እማዬ፣ ዛሬስ ስንት ታመመ?» ትለኛለች። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

አፈር ገልባጭ (ቢሾፍቱ)፣ ጥቅምት 6

እህቴ፣ አይዞሽ። ይድናል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ጥቂት ልጠይቅሽ። ውሃ በስንት ቀን ነው የምታጠጪው? ባልዲው ከታች ተበስቷል? ማዳበሪያ ጨምረሻል? ቅጠሉም ላይ ነጠብጣብ አለ ወይስ የሚጠቁረው ፍሬው ብቻ ነው?

መድኃኒቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ መበላት እንዳለበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። እሱን ሳታነቢ ለልጆች ፍሬ እንዳትሰጪ።

የጉለሌዋ ጓሮ (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 6

የኔ ልጅ፣ ይሄ እኔ ቤትም ነበረ። የእንቁላል ቅርፊት ነው መድኃኒቱ። ቅርፊቱን አድርቀሽ፣ ወቅጠሽ ሥሩ ላይ ጨምሪበት። የቡና አተላም ጨምሪ። እኔ ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ነው የማደርገው። ቲማቲሜን ያየ ሁሉ ከየት ገዛሽው ይለኛል።

የጀሞ በረንዳ፣ ጥቅምት 7

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ቅርፊት ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

ወንድሜ፣ ለጥያቄህ ልመልስ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በመጣ ቀን ከባልዲው ሥር እስኪፈስ አጠጣዋለሁ። በመሃል ግን ጀሪካን ውስጥ ያለው ለምግብና ለልብስ ነው፣ ለአትክልት አይተርፍም። አንዳንዴ አራት ቀን ይደርቃል። ቀትር ላይ ቅጠሉ ይጠወልግና ማታ ቀና ይላል። ባልዲው ተበስቷል። ቅጠሉ ጤነኛ ነው፣ እንዲያውም በጣም አረንጓዴ ነው። ዩሪያ በየባልዲው አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ሁለት ጊዜ ጨምሬያለሁ። ጉልበት ይሰጠዋል ብዬ ነው።

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 7

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ይሄ ተላላፊ በሽታ አይደለም። ፈንገስም ባክቴሪያም አላመጣውም። መድኃኒቱ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ፍሬው ያጠረው ካልሲየም ነው። እማማ በዚህ ልክ ናቸው። ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፣ ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው ችግሩ። ካልሲየም ተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። ውሃ ደግሞ የሚሳበው ብዙ ወደሚተንበት ወደ ቅጠሉ ነው። ከፍሬ ላይ የሚተነው በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲያጥር ቅጠሉ ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል። ፍሬው ይጎድልበታል። ከፍሬውም መጨረሻ የሚደርሰው ጫፉ ነው። ቂጡ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

አራት ቀን አድርቀሽ በአንድ ቀን ስታጥለቀልቂው ፍሬው ባደገባቸው ቀናት ሁሉ ሲራብ ከርሟል ማለት ነው። ክረምት ላይ ያማረልሽ እኮ አፈሩ ሁሌ እርጥብ ስለነበረ ነው።

ዩሪያው ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ቅጠል ያበዛል። የበዛው ቅጠል ያንኑ ውሃ ይሻማል። በዚያ ላይ ዩሪያ አፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚቀየረው ወደ አሞኒየም ነው። አሞኒየም ደግሞ ሥሩ ላይ ከካልሲየም ጋር ይጋፋል። «ጉልበት ይሰጠዋል» ያልሽው ለቅጠሉ ልክ ነው፣ ለፍሬው ግን አይደለም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። የጠቆሩትን ፍሬዎች በሙሉ ልቀሚ፣ አይድኑም። ተክሉ ለነሱ የሚያወጣው ውሃ ለቀሪዎቹ ይሁን። ዩሪያውን ተዪው። የአፈሩን ላይ በጤፍ ጭድ ወይም በደረቅ ሣር ሦስት ጣት ያህል ሸፍኚው። ጉዝጓዝ ይባላል፣ ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ አድርጊው። የ2 ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ። ክዳኑን በጋለ መርፌ አንድ ቦታ ብሺው። ቂጡን ቁረጪና አፉን ወደ ታች አድርገሽ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አርገሽ ቅበሪው። በፈረቃው ቀን ትሞይዋለሽ፣ ቀስ እያለ ሥሩ ጋ ይንጠባጠባል። ቶሎ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሌላ ክዳን ብሺ። ጎመን ያጠብሽበትን፣ ምስርና ሩዝ ያለቀለቅሽበትን ውሃም አትድፊው። ሳሙና እስካልነካው ድረስ ለአትክልቱ ጥሩ ነው።

የሚቀጥለውን ጊዜ ግን ባልዲውን ወደ 20 ሊትር አሳድጊው። 10 ሊትር አፈር ለአንድ ቲማቲም በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል።

የጉለሌዋ ጓሮ፣ ጥቅምት 7

ልጄ፣ አነጋገርህ ደስ ይላል። ግን የእንቁላል ቅርፊቱን እንደ ዋዛ አትለፈው። እኔ ሠርቶልኛል።

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 8

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልናቅኩትም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅርፊቱን በቀጥታ ሥሩ ላይ ነው የሚያደርጉት ወይስ ከብስባሹ ጋር ነው?

የጉለሌዋ ጓሮ፣ ጥቅምት 8

ከብስባሹ ጋር ነው እንጂ! ጓሮዬ ውስጥ ጉድጓድ አለኝ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠል፣ የዶሮ ኩስ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። በላዩ አፈር አለብሰዋለሁ። በየወሩ እገለብጠዋለሁ። አፈር አፈር ሲሸት ነው የማወጣው። ዘንድሮ ያጠራቀምኩትን የምጠቀመው ለከርሞ ነው። የጀሞዋ ልጄ፣ ላንቺም ብስባሽ እሰጥሻለሁ።

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 8

አሁን ገባኝ። እማማ ትክክል ናቸው። ቅርፊት ዛሬ ተወቅጦ ቢጨመር ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም፣ ለመሟሟት ወራት ይፈጅበታል። ዓመት ብስባሽ ውስጥ ሲከርም ግን ሌላ ነገር ነው። ብስባሹ ራሱም ውሃ ይዞ የመቆየት አቅም አለው። እንደኔ እንደኔ የእማማን ቲማቲም የጠቀመው ከቅርፊቱ ይልቅ ይሄኛው ይመስለኛል። እህቴ፣ ያጠራቀምሽውን ቅርፊት አትጣይው። ለሚቀጥለው ዓመት ይሆንሻል።

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)፣ ጥቅምት 9

እዚሁ ላይ የኔንም ልጠይቅ። ጎመኔ ላይ ግራጫ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቃቅን ነፍሳት ተጣብቋል። ከቅጠሉ ሥር ነው የሚበዛው። ቅጠሉ ይጨማደዳል። አንድ ወዳጄ ትምባሆ ዘፍዝፈህ ርጭበት አለኝ። ልሞክር?

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 9

ክሽክሽ ነው። ትምባሆውን ግን እባክህ ተወው። ኒኮቲን ለሰውም መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል። ጎመን ደግሞ ቅጠሉ ነው የሚበላው። ሌላም ጣጣ አለው። የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቲማቲምና ቃሪያ ይተላለፋል። አንዴ ከያዘ ነቅሎ ከመጣል ሌላ መፍትሔ የለውም።

መጀመሪያ በውሃ ኃይል እጠበው። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጥና አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ርጨው። ሳሙናው የሚገድለው ሲነካው ብቻ ስለሆነ ያልነካኸው ይተርፋል። ስለዚህ በአራት በአምስት ቀን ድገመው። የዱቄት ሳሙና አትጠቀም፣ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክር፣ ጠዋት ደህና ከሆነ ሌላውን ቀጥል።

ድሬ ጥላ (ድሬዳዋ)፣ ጥቅምት 9

እኛ ጋ የኒም ዛፍ መንገድ ዳር ሁሉ ነው ያለው። ሁለት እፍኝ ቅጠል ወቅጬ በአንድ ባልዲ ውሃ አሳድራለሁ። ጠዋት አጥልዬ ትንሽ ሳሙና ጠብ አደርግበትና እረጫለሁ። ፍሬው ከቅጠሉ ይበረታል፣ ፍሬ ካገኘህ ፍሬውን ተጠቀም። ወዲያው አይገድልም። ነፍሳቱ መብላትና መራባት ነው የሚያቆሙት። አንድ ሳምንት ታገስ።

ደግሞ ግንዱ ላይ ጉንዳን የሚመላለስ ከሆነ እዩት። ጉንዳን ክሽክሹን እንደ ከብት ነው የሚጠብቀው። ከጀርባው የሚወጣውን ጣፋጭ ውሃ ይልሳል፣ ሊበላው የሚመጣውንም ያባርርለታል። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ አትንኳት። እሷም ልጆቿም ክሽክሽ ነው የሚበሉት።

ሐይቅ ዳር፣ ጥቅምት 10

ጉንዳኑ አለ! እኔ ደግሞ ተባዩን የሚበላልኝ ጉንዳኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ማታ በሳሙናው እጀምራለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደጋ ሰው (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 12

የኛ ችግር ሌላ ነው። ውርጭ ሊገባ ነው። አምና ኅዳር ላይ በሶብላዬና ድንቹ በአንድ ሌሊት ጠቆሩ። ጤና አዳሙ ግን ተረፈ። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

የጉለሌዋ ጓሮ፣ ጥቅምት 12

በሶብላ ብርድ አይችልም፣ የኔ ልጅ። ዘሩን ለቅመህ አስቀምጥ። ደርቆ ቡናማ ሲሆን ጭንቅላቱን በእጅህ ፈትገው። ለወጥ ቅመም የሚሆነውም እሱ ነው፣ ለዘርም ትንሽ አስቀር። በልግ ሲመጣ ትዘራዋለህ።

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 12

ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው ምሽት ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ውርጭ የሚወርደው ያን ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳለች አፈሩን አጠጣው። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዝና ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍነው። ጨርቁ ቅጠሉን እንዳይነካ አራት እንጨት ተክለህ በላዩ ዘርጋው። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካበት ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አንሳው።

የጠቆረውን ቅርንጫፍ ወዲያው አትቁረጥ። ብርዱ እስኪያልፍ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ላለው ልብስ ይሆነዋል።

የባሕር ማዶ ጎመን (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፣ ጥቅምት 13

ብርድ ሲነሳ እኔም ላውራ። እዚህ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውርጭ ይጀምራል፣ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ አፈር ላይ እምነት የለም። ጤና አዳሜን በድስት ተክዬው በጋ ደጅ፣ ክረምት ደቡብ የሚያይ መስኮት ሥር አኖረዋለሁ። አራተኛ ዓመቱ ነው። ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው ውሃ ማብዛት ነው። እቤት ውስጥ አፈሩ ሁለት ጣት እስኪደርቅ አላጠጣውም።

ግን ለመጻፍ የተነሳሁበት ዋና ነገር ይሄ ነው። ሐምሌ ላይ ቀትር ፀሐይ ላይ እጄን ገልጬ ጤና አዳም ስቆርጥ ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ክንዴ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፣ እሳት የነካኝ ይመስል ነበር። ጠባሳው ወራት ቆየ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። እናቴ ሁሌ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ማታ ማታ ነበር የምትቆርጠው። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ልጆች ያሏችሁ፣ እባካችሁ ፀሐይ ላይ እንዳያሹት ከልክሏቸው። እናንተም ማታ ቁረጡ ወይ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ አፍልታ እንዳትጠጣው።

የጀሞ በረንዳ፣ ጥቅምት 13

እህቴ፣ እንኳን ነገርሽን! የኔ ልጅ እየጨመቀች ነው የምታሸተው። ከዛሬ ጀምሮ ከፍ አድርጌ እሰቅለዋለሁ።

የአዳማ ሎሚ፣ ጥቅምት 15

ሰላም። ከዘር የበቀለ ሎሚ አለኝ፣ ሰባት ዓመቱ። ቁመቱ ቤቱን አልፏል። እሾሁ ረጅም ነው። አበባ ግን አይቼበት አላውቅም። በየዓመቱ እየቆረጥኩ አስተካክለዋለሁ፣ ግቢውን ሳጠጣም በየቀኑ ይጠጣል። ልቁረጠው ወይስ ልጠብቅ?

አፈር ገልባጭ፣ ጥቅምት 15

እንዳትቆርጠው! መቁረጡም ውሃውም ነው የያዘው። ከዘር የበቀለ ሎሚ ሲጀመርም ይዘገያል፣ ረጅሙ እሾህ ልጅነቱን ነው የሚያሳየው። በየዓመቱ ጫፉን ስትቆርጠው ደግሞ ወደ ማበቡ የቀረበውን ቅርንጫፍ ነው የምታነሳበት። መቁረጡን ተው። የደረቀውን ብቻ አንሳ።

ውሃውን በተመለከተ፣ ሎሚ ጥማት ሲያገኘው ነው አበባ የሚያስበው። በጋው ሲጠና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውሃ ከልክለው። ቅጠሉ ትንሽ እስኪጠቀለል ጠብቅ፣ እስኪረግፍ ግን አታድርሰው። ከዚያ በደንብ አጠጣው፣ ፍግም ጨምርበት። ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ አበባ ይዞ ታገኘዋለህ። ከግንዱ ራቅ ብለህ ቅርንጫፉ የሚያበቃበት ቦታ ላይ አጠጣ፣ ግንዱ ሥር ውሃ ከተኛ ይበሰብሳል።

ደጋ ሰው፣ ጥቅምት 16

በመሃል ለመግባት ይቅርታ፣ ፍልፈልን ምን ታደርጉታላችሁ? ካሮቴን ከሥር በልቶ ቅጠሉን ብቻ ተወልኝ።

የጉለሌዋ ጓሮ፣ ጥቅምት 16

መደቡን ከመሥራትህ በፊት ከሥሩ የዶሮ ሽቦ አንጥፍበት፣ ዳር ዳሩንም ወደ ላይ እጠፈው። እኔ ሁሉን ሞክሬ በመጨረሻ ያረፍኩት በዚህ ነው። ሽቦ ከሌለህ ካሮቱን ጆንያ ውስጥ ዝራው።

ሐይቅ ዳር፣ ጥቅምት 24

የጎመኑን ልንገራችሁ። በሳሙና ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ጉንዳኑ እንዳይወጣ ደግሞ በመደቡ ዙሪያ አመድ ነሰነስኩ። ዝናብ ሲመታው ስለሚታጠብ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ነው። አሮጌውን ቅጠል ለቅሜ አቃጠልኩት። ትናንት ማታ የመጀመሪያውን ጎመን በልተናል።

የጀሞ በረንዳ፣ ኅዳር 12

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ግን ውጤቱን ሳላይ መጻፍ አልፈለግኩም።

የጠቆሩትን ሁሉ ለቀምኩ። ስድስቱም ባልዲ ላይ ሃይላንድ ተክያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክዳኖች በምስማር በስቼያቸው በአንድ ሰዓት አለቁ፣ በመርፌ ስበሳቸው ግን እስከ ማግስቱ ቆዩ። ጭድ ከአንድ ጋሪ ነጂ ለመንኩና በነፃ ሰጠኝ። ዩሪያውን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ልጄ ናት የምታጠጣው፣ ሥራዋ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ የያዙትን ፍሬዎች ቆጠርናቸው፣ 23 ናቸው። የጠቆሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም በሃይላንዱ ሙከራ መጀመሪያ ሰሞን የያዙት ናቸው። ከዚያ በፊት ከያዙት ጤነኞች ደግሞ አራቱ ቀልተዋል። ትናንት በቃሪያ ስልስ ሠርቼ በላን ብል ውሸት ነው፣ ልጄ ሦስቱን እንዲሁ እንደ ፍራፍሬ በላቻቸው። አንዱን በሽታ ነው ላለችኝ ጎረቤቴ ወሰድኩላት። እሷም አሁን ሃይላንድ እያጠራቀመች ነው።

አፈር ገልባጭ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እማማ፣ ብስባሽ እሰጥሻለሁ ያሉኝን አልረሳሁም። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሦስት ገዝቻለሁ። መቼ ልምጣ?

የጉለሌዋ ጓሮ፣ ኅዳር 12

ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ ቡና ይፈላል። ልጅሽንም ይዘሻት ነይ። ጆንያ ግን ራስሽ አምጪ፣ የኔዎቹ ላይ ሁሉ ድንች ተተክሎባቸዋል።